መጣሁ ብላ ሄደች

2017 ዓ.ም.፣ በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ወቅት ድሬ ዳዋ ላይ ቀትር መንገድ የሚወጣ ሰው ወይ የቸኮለ ነው ወይ እንግዳ ነው። እሷ እንግዳ ነበረች።

ሳቢያን ሠፈር ውስጥ ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ። ጥቂት ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ የሚጮህ መፍጫ፣ ደጃፉ ላይ ጥላው የሚበቃን የኒም ዛፍ። ከጎኔ ያለው የቅመማ ቅመም ሱቅ የጎረቤቴ ነው። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ሙስሊም። የሷ በርበሬ እኔን ያስነጥሰኛል፣ የኔ መፍጫ እሷን ያደነቁራታል። እንዲህ ሆነን ልጆቻችንን አሳድገናል፤ አልሐምዱሊላህ።

የዚያን ቀን ጎረቤቴ ከሱቋ ጮኸች።

«አንቺ! እስቲ ነይ፣ የዚችን ልጅ ጉድ እዪልኝ!»

ወጣሁ። ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ያዘለች ፈረንጅ ልጅ ሱቁ ፊት ቆማለች። ፊቷ እንደበሰለ ፓፓያ ቀልቷል። ጎረቤቴ ያላትን ሁሉ ፊቷ ደርድራለች፤ የተፈጨውን፣ ያልተፈጨውን፣ ሚጥሚጣውን ሳይቀር።

«በርበራ» ትላለች ልጅቷ፣ በእጇ መንገዱን እያሳየች። «በርበራ የት?»

«ይኸው በርበሬ! አፍንጫሽ ሥር!» ትላለች ጎረቤቴ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ዛላውን አሳየኋት፣ አይደለም አለች። የተዘጋጀውን አቀመስኳት፣ አለቀሰች። ምን ላድርጋት?»

ልጅቷ አስነጠሰች። ደግማ አስነጠሰች። እኔም የምትፈልገው ነገር አልገባኝም፤ የገባኝ ፀሐዩ ሊጥላት መሆኑ ብቻ ነው። እጇን ይዤ አስገባኋት፣ ውሃ ሰጠኋት፣ አቮካዶ ፈጨሁላት። ቦርሳዋን ጥግ ላይ አውርዳ እፎይ እያለች ጠጣች።

ወዲያው የዙሁር አዛን ተሰማ። ቤቴ ከጁስ ቤቱ ጀርባ ነው። «መጣሁ» አልኳትና ወጣሁ።

ሰግጄ ቶሎ ልመለስ ነበር። አንዲት ዘመዴ በር ላይ ያዘችኝ፤ የልጇን ሠርግ ነገር ጀመረችልኝ፣ የሠርግ ወሬ ደግሞ ቆሞ አያልቅም። ስመለስ ጁስ ቤቴ ውስጥ ሰው አለ። የሠፈራችን የባጃጅ ሹፌር ተቀምጧል። ብርጭቆው ውስጥ ላለው ነገር ቀለም ስም አላገኘሁለትም። ልጅቷ የኔን ሽርጥ ወገቧ ላይ አስራ ፓፓያ ትልጣለች። የታጠቡ ብርጭቆዎች ተደፍተው ተደርድረዋል።

«እናቴ፣ ሠራተኛ ቀጠርሽ እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ። «ማንጎ ነበር ያዘዝኩት። የመጣልኝን አላህ ነው የሚያውቀው። ግን ይጣፍጣል አቦ፣ ወላሂ!»

ነገሩ የተፈታው አመሻሽ ላይ ልጄ ከሥራ ስትመጣ ነው። ልጄ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ እንግሊዝኛ ትችላለች። ሁለቱ ቁጭ ብለው አወሩ። ልጄ እየሳቀች ነገረችኝ። ልጅቷ «መጣሁ» ያልኩትን ቃል ስልኳን ጠይቃዋለች። ስልኩ «እዚህ ደረስኩ» ማለት ነው ይላታል፤ እሷ ደግሞ የምታየው ጀርባዬን ነው። ስልኩን ሙቀቱ አበላሸው ብላ አሰበች። ቤቱን ክፍት ትታ መሄድ ከበዳት። ሰው ሲገባ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አሳፈራት።

«‹መጣሁ› ማለት ሄድኩ፣ ግን አልቆይም ማለት ነው» ብላ አስረዳቻት ልጄ።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«እናንተ ስትሄዱም ትመጣላችሁ ማለት ነው? ትላለች።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስለው እንዲህ አስቤው አላውቅም።

በርበራም ተገለጠች። በርበሬ አይደለችም፤ ሶማሌዎች ዘንድ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለችው ከተማ ናት። ልጅቷና አንዲት ጓደኛዋ ከአፍሪካ ታችኛው ጫፍ፣ እዚያ ያለው ባሕር ውስጥ እግራቸውን ነክረው ነው የተነሱት። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በእግር እያሉ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠዋል። ሐሳባቸው ከባሕር ተነስተው ሌላ ባሕር ሳይነኩ ላይቆሙ ነበር። አዲስ አበባ ሲደርሱ ጓደኛዋ በቃኝ ብላ በአውሮፕላን አገሯ ገባች። ይቺ ብቻዋን እስከ ድሬ መጣች። የቀራት ሐረርን፣ ጅጅጋን አልፎ ድንበሩን መሻገር ነው። ለኛ ሰው ያ መንገድ ጎረቤት መጠየቅ ነው።

«መቼ ነው የምትሄደው?» አልኩ።

«ነገ ትላለች።»

ነገ አልሄደችም። በማግስቱ እግሬን ላሳርፍ አለች። ከዚያ ረመዳን ገባ።

ሠራተኛዬ አግብታ ከሄደች ሰንብታ ነበር። በረመዳን ጁስ ቤት ቀኑን ሙሉ ጭር ብሎ ይውላል፤ ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ ከመግሪብ በፊት ደግሞ ጀሪካንና ጆግ የያዘ ሰው ይሰለፋል። ልጅቷ ሳልጠይቃት ቢላ አነሳች። በልጄ በኩል ተነጋገርን። እስከ ዒድ ትረዳኛለች፤ አልጋዋና ምግቧ ከኛ ጋር ይሆናል። ከዒድ በኋላ መንገዷን ትቀጥላለች። ልጄ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘረጋንላት። ቦርሳዋ ጁስ ቤቱ ጥግ፣ ያወረደችበት ቦታ ቀረ። የኔ ድመት ላዩ ላይ ወጣችበት፤ ከዚያ ወዲያ የሷ ሆነ።

ሥራ ላይ እጇ ፈጣን ነው። ስፕሪስ ስሠራ አንድ ሕግ አለኝ፤ አቮካዶው ከማንጎው፣ ማንጎው ከፓፓያው መቀላቀል የለበትም። ብርጭቆውን ከጎን የሚያይ ሰው ሦስቱንም ለየብቻ ማየት አለበት። ለዚህ ጁሱ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቀን የሠራችውን ድመቷም አልቀመሰችውም። ሳምንት ሳይሞላት ግን መስመሩን በማስመሪያ ያሰመረችው ያስመስላት ጀመር። ላዩ ላይ ሎሚ ትጨምቃለች፣ ቪምቶ ጠብ ታደርጋለች፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች፤ ከዚያ ነው የምትሰጠው። ሰልፉ ግን እየረዘመ ሄደ።

«ፈረንጆ፣ አዛኑ እኮ ሊደርስ ነው! ሥዕል ነው የምትስዪው?» ይላታል የባጃጅ ሹፌሩ።

«ቆዪ፣ አንቺ ሰውዬ!» ትለዋለች። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረገች ትናገራለች። ሰልፉ በሙሉ ይስቃል።

እኔን ኡሚ ትለኛለች። ልጄ እንዲያ ስለምትጠራኝ ስሜ መስሏት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሕፃን እናቷን «ኡሚ፣ ኡሚ» ስትል ሰምታ ዞራ አየቻት። ሌላም ልጅ ሌላ እናት ጠራ። በሳቢያን ስንት ሴት በኔ ስም እንደምትጠራ ገረማት። ልጄ እናቴ ማለት ነው ብላ ስትነግራት ቀላች። ልትተወው መስሎኝ ነበር፤ አልተወችውም።

ጾምም ሞክራለች። አንድ ቀን እጾማለሁ ብላ ሌሊት ከኛ ጋር ሱሑር ልትበላ ተነሳች። ከሰዓት በኋላ ማንጎ ስትልጥ ጣቷን ላሰች። ልጄ ጮኸች። ልጅቷ ደነገጠች፣ «ረሳሁ! ረሳሁ!» አለች። ረስቶ የቀመሰ ሰው ጾሙ አይፈርስም፣ አላህ ነው ያጎረሰው አልናት። በጣም ደስ አላት። ጥቂት ቆይታ አንድ ቁራጭ ማንጎ ረሳች።

ጠዋት ጠዋት ወተትም እሸጣለሁ። ወተቱን የምታመጣልኝ ሴት ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከዋሂል ነው የምትመጣው። ቋንቋዋ ሶማሊኛ ነው፣ አማርኛዋ ጥቂት ናት። የሷና የልጅቷ አማርኛ እኩል ስለነበር ከሁላችንም በላይ የሚግባቡት እነሱ ናቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይገጥም ነገር እያወሩ ሲሳሳቁ ያረፍዳሉ። እኔ ምን እንዳሉ ጠይቄ አላውቅም። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል፤ ይበቃኛል።

ዒድ በሰላም ገባ። አብረን በላን። ልጄ አዲስ ድሪያ አለበሰቻት፤ ሰፊ ሆኖባት እየረገጠችው ስትደናቀፍ ዋለች። ከዒድ በኋላ ትሄዳለች ብለን ነበር።

አልሄደችም።

መጀመሪያ ልብሴን ልጠብ አለች። እሺ አልን። በማግስቱ «ልብሴ አልደረቀም» አለች። ድሬ ዳዋ ነው እንግዲህ። እዚህ የታጠበ ልብስ ሁለተኛውን ጫፍ ሰቅለሽ ሳትጨርሺ የመጀመሪያው ጫፍ ይደርቃል። ጎረቤቴ ገመዱ ላይ ያለውን ሸሚዝ ነካችው፤ እንደ ብስኩት ሊሰበር ነው። ወደኔ አየች።

ከዚያ ጫማዬ ይሰፋ አለች። ከዚያ ሆዴን አለች። አንድ ጠዋት ግን ቆርጣ ተነሳች። ድመቷን አንስታ ቦርሳዋን አዘለች። ተቃቀፍን። ልጄ አለቀሰች። በእግሯ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ መናኸሪያ ሄደች። እኔም ሽርጡን አጥቤ ሰቀልኩ።

ቀትር ላይ ከነቦርሳዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምነው?»

«ረዳቱ መጣሁ አለ» አለች። «እኔ አሁን ‹መጣሁ› አውቃለሁ። ቁጭ አልኩ። እሱ አልመጣም፣ አልመጣም፣ አልመጣም። ስለዚህ እኔ መጣሁ።»

የባጃጅ ሹፌሩ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ረዳት እኮ መጣሁ ካለሽ ጫቱን ሊገዛ ነው የሄደው! እንኳን አንቺ እኛም አንጠብቀውም!» ጎረቤቴም ሰምታ ከሱቋ እየሳቀች ወጣች። እኔም ሳቅኩ። ግን ቦርሳዋን ስታወርድ አየኋት። ሰው የከበደው ዕቃ ሲያወርድ ትከሻው ነው የሚቀለው። የሷ ፊቷ ነው የቀለለው። ድመቷ ቦታዋን ያዘች።

ያን ሰሞን ልጄ ጎኔ ተቀምጣ ሎሚ እየቆረጠች ነገረችኝ።

«ኡሚ፣ በአውሮፕላን ልትመለስ እያሰበች ነው። ከዚሁ ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አገሯ። ቪዛዋም ሊያልቅ ነው።»

«ባሕሩስ?»

«ሌላ ጊዜ ትላለች። ግን ሌላ ጊዜ እንደሌለ ራሷ ነግራኛለች። ሥራዋን፣ ቤቷን፣ ሁሉን ትታ ነው የወጣችው። አገሯ ገብታ ሥራ ከጀመረች ማን መልሶ ይለቃታል? ይህችን ትንሽ መንገድ ትቼ ከገባሁ ዕድሜዬን ሙሉ ትቆጨኛለች ብላኛለች።»

«ታዲያ ምን ያዛት?»

ልጄ ቢላውን አስቀመጠች። «ከጓደኛዋ ጋር ሳሉ የሚፈሩት በየተራ ነበር አለችኝ። አንዷ ስትፈራ ሌላዋ ትበረታለች። አሁን ተረኛ የለም።»

እንግዳን ሂድ ማለት በኛ ዘንድ ነውር ነው። ደግሞ እንድትሄድ አልፈለግሁም፤ ቤቱ ደስ ብሎት ነበር፣ ደንበኛው ለምዷታል፣ ልጄ እህት አግኝታለች። ዝም ብል የሚወቅሰኝ የለም። እሷም በአውሮፕላኑ ትሄዳለች፣ እኔም በደስታ እሸኛታለሁ።

የአስር ሶላት ሰግጄ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ወጣት ሳለ ጅቡቲ ለሥራ ሊሄድ ሻንጣውን ካሰረ በኋላ እንዲሁ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን እግሩን ያመዋል፣ አንድ ቀን መኪና ያመልጠዋል። እናቴ ምንም አላለችውም። ጎረቤት ጠርታ ዱዓ አስደረገችለት። በማግስቱ ሄደ። ዱዓ የተደረገለት ሰው አይቀርም፤ ቢቀር አሚን ያለውን ሰው ሁሉ በምን ዓይኑ ያያል?

ልጅቷ ያጣችው መኪና መስሎን ነበር። ያጣችው ሸኚ ነው። ያን ጠዋት አቅፈናት ሄደች እንጂ ማንም አልሸኛትም። በኛ አገር ሰው ሳይመረቅ መንገድ እንደማይወጣ እየታወቀ፣ እሷን ፈረንጅ ናት ብለን ዘለልናት።

ዓርብ ነበር። ከአስር ሶላት በኋላ ስፕሪስ አስቀዳሁ፤ ለሁሉም በነፃ። የባጃጅ ሹፌሩን «ዱዓ አለ፣ እንዳትጠፋ» አልኩት። ጎረቤቴን ነገርኳት። ሁለት ሦስት ደንበኞችም ነበሩ። ልጄ ከሥራ ደርሳለች። ልጅቷ ብርጭቆ እያደለች ነው።

«ምንድነው ኡሚ?»

«ዱዓ ነው። ተቀመጪ።»

ዱዓን ከረመዳን ታውቀዋለች። እጇን ጠራረገችና ተቀመጠች፣ መዳፏን ዘረጋች። ለዝናብ ይሆናል ብላ አስባ ነበር፤ ኋላ ነው የነገረችን። እኔ ረጅም ዱዓ አላውቅም። የማውቀውን አደረግሁ።

«አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ።»

«አሚን!» አሉ። ከሁሉም ይልቅ የሚሰማው የሷ ድምፅ ነው።

«ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።»

«አሚን!»

«የምታርፊበት ቤት ሁሉ የእናትሽ ቤት ይሁንልሽ።»

«አሚን!»

«ባሕሩን በሰላም ያሳይሽ።»

«አሚ…» አለችና ቆመች። መዳፏ እንደተዘረጋ ነው። ባሕር የሚለውን ቃል ከቃላቷ ሁሉ በፊት ነው የተማረችው። «ባሕር?» አለች።

«ለእናትሽ ዓይን ያብቃሽ» ብዬ ጨረስኩ።

«አሚን!» አለ ቤቱ ሁሉ። ጎረቤቴም «አሜን፣ ቅዱስ ገብርኤል ይከተልሽ» ብላ ፊቷን አማተበች።

ልጅቷ አንዳችንን አይታ ወደ ሌላችን ትዞራለች። ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው ሹፌሩ ነው።

«አለቀ አቦ! አሚን ብለሻል፣ ሰምተናል! ባሕሩ ያንቺ ነው!»

ልጄ ጎኗ ተቀምጣ አስረዳቻት። እኔ የሚሉትን አልሰማሁም፤ ፊቷን ነው የማየው። መጀመሪያ ነጣች። ከዚያ ዞራ ቦርሳዋን አየች። ድመቷ ላዩ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ኡሚ… ነገ?»

«ነገ» አልኳት።

«ልብሴ…» ብላ ጀመረች።

«ደርቋል!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

እሷም ሳቀች። እየሳቀች ዓይኗን በሽርጡ ጠረገች። «ግን ብቻዬን ነኝ» አለች በአማርኛ፤ ቃሉን አስተካክላ።

«ምን ብቻሽን?» አለቻት ጎረቤቴ። «ይሄ ሁሉ ሰው አሚን ብሎልሽ! እኔ ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት። ብትቀሪ ታፍሪያለሽ እንጂ ሌላ ምን ይገጥምሻል!»

ተነስታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። የታጠቡትንም ደግማ አጠበቻቸው። ተውኳት። ስትጨርስ ሽርጡን አጣጥፋ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ልጄን ከድንበሩ ወዲያ ስላለው መንገድ ትጠይቃት ጀመር፤ የት እንደሚወረድ፣ ሰላምታው እንዴት እንደሚባል። ሰላምታውን እንኳ ታውቀዋለች። «ነበድ» አለች ራሷ፤ የዋሂሏ ሴት ያስተማረቻትን።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጁ ደጃፍ ቆመ። ሹፌሩ ታጥቦ፣ ባጃጁንም አጥቦ ነው የመጣው። ስንቅ ቋጥሬላታለሁ፤ ተምር፣ ሳምቡሳ፣ ለመንገድ የሚሆን ሙሸበክ። ሙሸበኩ በስኳር እንደራሰ ነው፣ ጣቷን እንደምትልስ አውቃለሁ። ጎረቤቴ ትንሽ ፌስታል ይዛ መጣች።

«ያቺ በርበሬ» አለቻት። «እዚያ ስትደርሺ በርበራ ላይ ብዪው። ባለፈው ሳትገዢኝ ነው የቀረሽው።»

ልጅቷ ፌስታሉን አሸተተች። አስነጠሰች። እንዲህ ነበር የመጣችው፤ እንዲሁ ልትሄድ ነው።

ድመቷን ከቦርሳው ላይ ያነሳኋት እኔ ነኝ። ቧጠጠችኝ። ልጄ አላለቀሰችም ዛሬ፤ እየሳቀች ቦርሳውን አሸከመቻት። ልጅቷ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ፣ እጄንም ሳመችኝ። ዒድ ላይ ልጄ ስታደርገው አይታ ይሆናል። ምን ልበላት? ያለኝን ቃል ሁሉ ዱዓው ላይ ጨርሼዋለሁ።

ባጃጁ ተነሳ። ጥቂት ሄዶ ከጎን ራሷን አወጣች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ እየተበተነ ጮኸች።

«ኡሚ! መጣሁ!»

«እሺ» አልኩ። ባጃጁ ታጠፈ።

ሹፌሩ ኋላ ተመልሶ ነገረን። መናኸሪያ ላይ የጅጅጋውን መኪና ረዳት እጅጌውን ይዞ፣ «ስማ ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ ዱዓ ተደርጎላታል። መጣሁ ብለህ ብትጠፋ ዱዓው አንተ ላይ ነው የሚወድቀው» አለው። ረዳቱ ደንግጦ ከመኪናው በር አልተነቃነቀም። ሹፌሩም መኪናው ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ ነው የመጣው።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ድንበሩን ስታልፍ ቁጥሯ መሥራት አቆመ። ልጄ ስልኳን እያየች ትውላለች። እኔ በየሶላቱ አስባታለሁ። ደንበኛ ሁሉ ይጠይቃል፤ «ደረሰች?» «አላወቅንም።» ድመቷ ባዶው ጥግ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ እኛን ትገላምጣለች።

አንድ ቀን መሸት ሲል፣ ሹፌሩ ማንጎውን ይዞ፣ ጎረቤቴ ሱቋን ልትዘጋ ስትል፣ የልጄ ስልክ ጮኸ። ፎቶ ነው። ሁለት እግሮች ውሃ ውስጥ፤ ጫማ የለም፣ ሱሪው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል። ከእግሮቹ ጎን፣ አሸዋው ላይ፣ የጎረቤቴ ፌስታል ተቀምጣለች። ከፎቶው ሥር ድምፅ አለ። ልጄ ከፈተችው። ነፋስ ነው፣ ውሃ ነው፣ ከዚያ እሷ ናት።

«ኡሚ! መጣሁ!»

ልጄ ሳቀች። «‹ደረስኩ› ነበር ማለት የነበረባት። አሁንም ተሳሳተች።»

«የቱ ጋ ነው የተሳሳተችው?» አለች ጎረቤቴ። «እመለሳለሁ ማለቷ ነው እንጂ። አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው።»

«ዋናው በርበሬዋን አግኝታለች!» አለ ሹፌሩ፤ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ።

እነሱ ሲከራከሩ ልጄን እንደገና አስከፈትኳት። ነፋሱንም ሰማሁት። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሁለት ረከዓ ለምስጋና ሰገድኩ። ጁስ ቤቱን ከፈትኩ። አሮጌ ጆንያ አጣጥፌ ጥጉ ላይ ለድመቷ አነጠፍኩላት፤ ዞራ ዞራ አሽትታ ተኛችበት። የዋሂሏ ሴት ወተቷን ይዛ መጣች። ልጇ ወልዳ አራስ ስትጠይቅ ሰንብታ ስለነበር የሆነውን አልሰማችም። ወተቱን አወረደችና ዙሪያውን አየች።

«ፈረንጆዋስ?»

«መጣሁ ብላ ሄደች» አልኳት።

«እሺ፣ ልጠብቃት» አለችና የኒሙ ጥላ ሥር ተቀመጠች። እኔም ማንጎ ላጥኩ፣ አቮካዶ ፈጨሁ፣ በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጌ ስፕሪስ ቀዳሁላት።